ራሷን «አስቀያሚ» ብላ የተደበቀች መንደር

ይህ ጽሑፍ በንባብ ክበባችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ካደረግሁት ንግግር የተወሰደ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እንደምን አመሻችሁ!

ባለፈው ወር «ስለ ቱርክ አንድ ነገር አቅርብልን» ስባል፣ ብዙዎቻችሁ የጠበቃችሁት ኢስታንቡልን መሰለኝ። ልክ ናችሁ። እዚህ ከተቀመጠው ሰው ግማሹ ከኢስታንቡል የመጣ ልብስ ለብሷል። ካልሆነም ላሌሊ ሄዶ ዕቃ የሚያመጣ ዘመድ አለው። እኔ ግን ዛሬ የምወስዳችሁ ከአንድ ሺህ ሰው በታች ወደሚኖርባት መንደር ነው። ስሟ ሺሪንጄ ይባላል። በቱርክኛ «ሺሪን» ማለት ደስ የምትል፣ ቆንጅዬ ማለት ነው። ስለዚህ ሺሪንጄን «ቆንጆ ቢጤ» ብንላት ያስኬዳል።

ከመቶ ዓመት በፊት ግን ስሟ ይህ አልነበረም። ቺርኪንጄ ነበር። «ቺርኪን» ደግሞ አስቀያሚ ማለት ነው። አያችሁት? አስቀያሚ ቢጤ የነበረችው ቆንጆ ቢጤ ሆነች። በሁለቱ ስሞች መካከል ብዙ ነገር አለ። የዛሬው ወሬዬም እሱው ነው።

መጀመሪያ መንገዱን ላሳያችሁ። ከኢዝሚር እንነሳ። ኢዝሚር ማለት መጽሐፍ ቅዱስ የምታነቡ ሰዎች ሰምርኔስ ብላችሁ የምታውቋት ከተማ ናት። ከዚያ ወደ ደቡብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄዱ ሴልቹክ የምትባል ትንሽ ከተማ ትደርሳላችሁ። ሴልቹክ ላይ ዶልሙሽ ትሳፈራላችሁ። ዶልሙሽ የእኛ ሚኒባስ ነው። ቃሉ ራሱ «የሞላ» ማለት ነው፤ ዶልማ ከሚባለው ምግብ ጋር ሥሩ አንድ ነው። እኔ ስሰማ ሳቅሁ። ታክሲ ሳይሞላ እንደማይነሳ እኛም እናውቃለን፤ ስሙን እንዲህ በግልጽ ማውጣት ነው ያቃተን። ረዳት የለውም። ሒሳቡ ከኋላ ወንበር ወደ ፊት በእጅ በእጅ ይተላለፋል፤ መልሱም እንዲሁ ይመለሳል።

8 ኪሎ ሜትር ሽቅብ ነው። መንገዱ ይጠማዘዛል። ግራና ቀኝ ወይራ፣ በለስ፣ ኮክ፣ የወይን ተክል። ከባሕር ወለል በላይ 350 ሜትር ገደማ ስትደርሱ ሸለቆው ይከፈትና መንደሯ ብቅ ትላለች። ነጭ የተቀቡ ባለ አንድ ፎቅ ቤቶች፣ ቀይ የሸክላ ጣራ፣ ብዙ መስኮት። ዳገቱ ላይ እንደ ትያትር ወንበር ተደርድረው ሁሉም ወደ ሸለቆው ያያሉ። ምድር ቤቱ የእህልና የዕቃ ነበር፣ ፎቁ የሰው። መንገዶቿ የድንጋይ ንጣፍ ናቸው። ተረከዝ ያለው ጫማ ያደረገች ሴት ብታመጡ ትጣላችኋለች።

አሁን ጥያቄው ይህ ነው፤ ሰው እዚህ ዳገት ላይ ለምን ወጣ? ታች ለም ሜዳ አለ። ባሕሩም ሩቅ አይደለም። መልሱ ያለው ታች፣ ኤፌሶን ውስጥ ነው።

ኤፌሶን ስል ጆሯችሁ ቆም እንዳለ አየሁ። አዎ፣ ያችው ኤፌሶን ናት። ፍርስራሿ ከሴልቹክ ወጣ ብሎ ነው የሚገኘው። በ431 ታላቁ ጉባኤ የተደረገባት ናት። ሁለት መቶው ሊቃውንት ንስጥሮስን አውግዘው እመቤታችንን «ወላዲተ አምላክ» ያሉባት። ቤተ ክርስቲያናችን የምትቀበላቸው ሦስቱ ጉባኤዎች፣ ኒቅያ፣ ቁስጥንጥንያና ኤፌሶን፣ ሦስቱም የተደረጉት በዛሬዋ ቱርክ መሬት ላይ ነው። ይህን ስናገር ብዙ ሰው ይገርመዋል። እኔም ካርታ ዘርግቼ እስካይ ድረስ አላሰብኩትም ነበር። ሰባቱ ደቂቅም የዚያው አገር ልጆች ናቸው። ሙስሊም ወገኖቻችን አስሐቡል ካህፍ የሚሏቸው፤ ተኝተው ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ የነቁት። የእነሱ ነው የሚባለው ዋሻ ከፍርስራሹ አጠገብ ይታያል። ወንጌላዊው ዮሐንስ፣ ቁጹረ ገጽ የምንለው፣ ተቀበረበት በሚባለው ኮረብታ ላይ ደግሞ በ6ኛው መቶ ዘመን ንጉሥ ዮስጢንያኖስ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን አሠርቶበታል። ዛሬ የቀሩት ዓምዶቹና ግድግዳዎቹ ናቸው።

ኤፌሶን ወደብ ነበረች። ወደብነቷ ነው ሀብታም ያደረጋት። ግን ኩቹክ ሜንደሬስ የሚባል ወንዝ በአጠገቧ ያልፋል። ወንዙ ከተራራ ደለል እየጠረገ ያመጣል። በየዓመቱ ትንሽ፣ ትንሽ። ነጋዴው ሲደራደር፣ ጳጳሱ ሲከራከር፣ ደለሉ ሥራውን ይሠራል። ወደቡን ደጋግመው ጠረጉት፤ አልሆነም። ዛሬ ባሕሩ ከጥንቱ ወደብ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ሸሽቷል። ወደቡ ረግረግ ሆነ። ረግረጉ ትንኝ አመጣ። ትንኝ ወባ አመጣች። ከተማዋን ከጦርነት ይልቅ ጭቃ ነው የጨረሳት ብል ብዙም አልተሳሳትኩም። ሰዉ ቀስ በቀስ ወደ ኮረብታ ሸሸ። የእኛ ሰው ቆላውን ለምን እንደፈራ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

አፈ ታሪኩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ነፃ የወጡ ባሪያዎች ናቸው ይላሉ አንዳንዶቹ። ከኤፌሶን የሸሹ ክርስቲያኖች ናቸው ይላሉ ሌሎቹ። ወደ ተራራው ወጥተው ሰፈሩ። ታች የቀሩት «ቦታው እንዴት ነው? ያምራል?» ብለው ሲጠይቋቸው፣ «ኧረ አስቀያሚ ነው» አሏቸው። ሌላ ሰው እንዳይመጣባቸው ነዋ! ስሙም በዚያው ቀረ።

እኔ ይህን ታሪክ እንደ ታሪክ አልወስደውም። የቀድሞ ነዋሪዎቿ ግሪኮች መንደሯን ኪርኪንጄ ይሏት ነበር። ቱርኩ ኪርኪንጄን ሰምቶ በራሱ ቋንቋ ትርጉም ወዳለው ቃል ቢያስጠጋው አይገርምም። እኛም የሰው አገር ስም እንዲህ እናደርጋለን። «ቅርቅ» በቱርክኛ አርባ ስለሆነ ከአርባ ሰዎች ነው የመጣው የሚሉም አሉ። ስለዚህ አፈ ታሪኩ ከስሙ ነው የተወለደው እንጂ ስሙ ከአፈ ታሪኩ አይመስለኝም። ግን ደስ ይለኛል። ሰው ያለውን መልካም ነገር በክፉ ስም ሲሸፍን ለእኛ አዲስ አይደለም። ቡዳ እንዳይበላው ተብሎ «አስቀያሚዬ» የሚባል ልጅ ስንቱ ቤት አለ!

ደግሞ የተደበቁ ሰዎች የሚያውቁት ነገር ይኖራል። በ19ኛው መቶ ዘመን የመንደሯ ሕዝብ የግሪክ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነበር። በየዓመቱ ለእመቤታችን የዕረፍት በዓል፣ እኛ ፍልሰታ በምንለው ሰሞን፣ ሸለቆውን አቋርጠው ማዶ ወዳለው ተራራ ይሄዱ ነበር። እዚያ አንዲት የፈረሰች ትንሽ ቤት አለች። «ፓናያ ኡች ካፑሉ» ይሏታል፤ ሦስት በር ያላት እመቤት እንደማለት። እመቤታችን በመጨረሻ ዘመኗ ከዮሐንስ ጋር የኖረችው እዚህ ነው ብለው ከአያት ከቅድመ አያት ሰምተዋል።

በዚያው ዘመን ጀርመን አገር አልጋ ላይ የዋለች አና ካታሪና ኤመሪክ የምትባል መነኩሲት ነበረች። ኤፌሶንን በዓይኗ አይታ አታውቅም። በራእይ አየሁት ያለችውን ቤት ግን አስጻፈች። እሷም በ1824 ዐረፈች። በ1891 ኢዝሚር የነበሩ የካቶሊክ ካህናት ጽሑፉን ይዘው ተራራው ላይ ፍለጋ ወጡ። ቤቷን አገኙ። ማለቴ፣ የቺርኪንጄ ሰዎች ሳይጠፋባቸው በየዓመቱ የሚሳለሙትን ቤት «አገኙት»። ከዚያ ወዲህ ቦታው የዓለም መሳለሚያ ሆኗል። ጳውሎስ ስድስተኛ በ1967፣ ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ በ1979፣ ቤኔዲክቶስ 16ኛ በ2006 ሄደውበታል። የእኛ ትውፊት መቃብሯን ጌቴሴማኒ ነው የሚለው፤ እዚያ ክርክር ውስጥ አልገባም። እኔን የነካኝ የገበሬዎቹ ነገር ነው። መጽሐፍ ውስጥ የገባው ስም የፈላጊዎቹ ነው።

ወደ ገበያው እንሂድ። እነዚህ ሰዎች በምን ይኖሩ ነበር? በበለስ።

በለስ ስል የትግራይን በለስ፣ ያንን እሾሃሙን ቁልቋል ማለቴ አይደለም። አዳምና ሔዋን ቅጠሉን የሰፉትን ነው። የእኛ ሾላና ዋርካም ዘመዶቹ ናቸው። የበለስ ፍሬ እንግዳ ነገር ነው። አበባው ውጭ አይታይም፤ ፍሬው ውስጥ ነው ያለው። እንግዲህ አበባው ውስጥ ተዘግቶ ንብ እንዴት ትደርሳለች? ንብ አትደርስም። አንዲት ደቃቃ ተርብ ናት የምትደርሰው፤ ከትንኝ የምታንስ። ከወንዱ በለስ ውስጥ ትወለዳለች። የአበባውን ዱቄት ተሸክማ ትወጣለች። በሴቲቱ በለስ ቂጥ ላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ተጎትታ ትገባለች። ስትገባ ክንፏ ይሰበራል። እዚያው ትሞታለች። ዕንቁላሏንም አትጥልም፤ የሴቲቱ በለስ አበባ ይረዝምባታል። የዚያች ተርብ ኪሣራ ነው የእኛ ጣፋጭ ፍሬ።

የኢዝሚር አካባቢ በለስ ይህች ተርብ ካልመጣችለት ፍሬውን በበጋ መጀመሪያ ያረግፋል። አንድም አያስቀርም። ስለዚህ ገበሬው ዕድልን አይጠብቅም። በሰኔ ወንዱን በለስ፣ «ኢሌክ» የሚሉትን፣ ይለቅማል። በክር ይሰካዋል፤ እንደ መቁጠሪያ። ከሴቲቱ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ያንጠለጥለዋል። አንዴ ብቻ አይደለም፤ ተርቦቹ ወጥተው ሲያልቁ ሌላ ይሰቅላል። መቼ እንደሚለቀም፣ ስንት ፍሬ በስንት ዛፍ እንደሚሰቀል፣ ይህ ሁሉ ከአባት ወደ ልጅ የሚሄድ ዕውቀት ነው። ካበዛው ፍሬው ይበላሻል፤ ካሳነሰው ይረግፋል።

የአየሩ ነገርም አለ። የዚያ አገር ዝናብ የሚወርደው በብርዱ ወራት ነው። በጋው ደረቅ ነው። በለሱ ዛፉ ላይ እንዳለ ይጠወልጋል፤ በራሱ ጊዜ መሬት ይወድቃል። ይለቀምና ምንጣፍ ላይ ፀሐይ ይጠጣል። በነሐሴና በመስከረም አንድ ቀን ዝናብ ከመጣ የዓመቱ ልፋት ሻገተ ማለት ነው። የእኛ ገበሬ ጤፉን አውድማ ላይ አድርጎ ሰማይ ሰማይ እንደሚያየው ነው።

አሜሪካኖች በዚህ በለስ ጉድ ሆነዋል። በ1880ዎቹ የካሊፎርኒያ ገበሬዎች የኢዝሚርን ዝርያ አስመጥተው ተከሉ። ዛፉ አደገ፣ ተንዠረገገ። ፍሬውን ግን በየዓመቱ አራገፈው። «የኢዝሚር ሰዎች አጭበረበሩን፣ የማይረባ ቁጥቋጦ ሸጡልን» ብለው ተናደዱ። ተርቧን አላመጡማ! ገበሬው «ተርብ ነው ምክንያቱ» ሲሉት የአሮጊት ተረት መስሎት ነበር። በ1899 ተርቧ ተወስዳ እዚያ ስትለምድ ዛፎቹ አፈሩ። ከዚያ በኋላ ስሙን ካሊፎርኒያንና ሰምርኔስን አቀላቅለው «ካሊሚርና» አሉት።

የቺርኪንጄ በለስ በግመል ወደ ታች ይወርድ ነበር። ከ1860ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ባቡር መጣ። ከኢዝሚር ወደ አይድን የተዘረጋው ሐዲድ በአናቶሊያ የመጀመሪያው ነው። እንግሊዞች ፈቃዱን በ1856 ወሰዱ፤ አይድን በ1866 ደረሰ። መንገዱ ላይ ያለ ጣቢያ የዛሬዋ ሴልቹክ ናት። ባቡሩ የመጣው ለሰው ሳይሆን ለበለስና ለዘቢብ ነው ብንል ማጋነን አይደለም። ኢዝሚር ላይ ሴቶች ይመርጡታል፣ ይጠፈጥፉታል፣ በሣጥን ይደረድሩታል። ከዚያ መርከብ፤ ከዚያ የለንደን የገና ገበያ። ራሷን አስቀያሚ ያለችው መንደር እንዲህ ተደብቃ ሀብታም ሆነች። ፎቅ ቤቶቹ፣ ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት፣ ትምህርት ቤቱ ከዚህ ገንዘብ ነው የተሠሩት። ዛሬ ቱሪስቱ የሚያነሳው ፎቶ በሙሉ የበለስ ገንዘብ ፎቶ ነው።

ከዚያ 1919 መጣ። የዓለም ጦርነት አልቆ የኦቶማን መንግሥት ተሸንፏል። በግንቦት የግሪክ ጦር ኢዝሚር ላይ ወረደ። ወደ ውስጥ ገፋ። ሦስት ዓመት ተዋጉ። በመስከረም 1922 የቱርክ ጦር ኢዝሚርን መልሶ ያዘ። የአካባቢው ግሪኮች በያዙት ይዘው ወደ ባሕር ዳር ሮጡ። የቺርኪንጄም ሰው ሄደ። በለሱ ምንጣፍ ላይ የሚሰጣበት ወር እንደነበር ልብ በሉ።

ብዙዎቹ ነገሩ ሲበርድ እንመለሳለን ብለው ነበር። አልተመለሱም። በጥር 1923 ሎዛን ላይ ግሪክና ቱርክ ስምምነት ፈረሙ። የሕዝብ ልውውጥ! እንደ ዕቃ። ቱርክ ያለ ኦርቶዶክስ ወደ ግሪክ፣ ግሪክ ያለ ሙስሊም ወደ ቱርክ። የኢስታንቡል ግሪኮችና የምዕራብ ትሬስ ሙስሊሞች ብቻ ቀሩ። 1.2 ሚሊዮን ገደማ ኦርቶዶክስ፣ ከ350 ሺህ እስከ 400 ሺህ የሚሆን ሙስሊም አገር ቀየረ። መለያው ሃይማኖት እንጂ ቋንቋ አልነበረም። ስለዚህ ግሪክኛ የማያውቅ ቱርክኛ ተናጋሪ ክርስቲያን «አገርህ ግሪክ ነው» ተባለ። ቱርክኛ የማያውቅ ግሪክኛ ተናጋሪ የቀርጤስ ሙስሊም «አገርህ ቱርክ ነው» ተባለ። ማንም አልጠየቃቸውም። መመለስም በሕግ ተከለከለ።

ወደ ቺርኪንጄ ባዶ ቤቶች የገቡት ከካቫላ አካባቢ የመጡ ሙስሊሞች ናቸው። ካቫላ በሰሜን ግሪክ ያለች የወደብ ከተማ ናት። እዚህ ላይ አንድ ጊዜ ከመንገድ ልውጣ፣ ይቅርታ። ግብፅን የገዛው መሐመድ ዓሊ ፓሻ የተወለደው ካቫላ ነው፣ በ1769። የልጁ ልጅ ኬዲቭ እስማኤል ጦሩን ወደ እኛ ላከ። በ1875 ጉንደት ላይ፣ በ1876 ጉራ ላይ አፄ ዮሐንስና ራስ አሉላ የተቀበሉት ጦር የዚያ ቤተሰብ ጦር ነው። ዓለም ጠባብ ናት። እሺ፣ ተመለስኩ።

ካቫላ የትምባሆ አገር ነው። የዚያ አካባቢ ገበሬ የሚያውቀው ትምባሆ ነው፤ መቼ ችግኙ እንደሚፈላ፣ ቅጠሉ እንዴት እንደሚሰካና እንደሚደርቅ። አሁን የበለስ ዛፍ ሥር ወስደህ አቆምከው። ዛፍ አለው። ቤት አለው። ወንድ በለስ በሰኔ በክር መሰካት እንዳለበት የነገረው የለም። የሚነግረው ሰው በመርከብ ሄዷል። ማዶም የሆነው ይኸው ነው። የበለስ ሰው ዛፍ ወደሌለው አገር ሄዶ ስንዴ አርስ ተባለ። ሁለት መንግሥታት ሰውን ቆጥረው ተለዋወጡ፤ በሰዉ ጭንቅላት ውስጥ ያለውን ግን የቆጠረው አልነበረም። እኛም በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ የደጋ ገበሬ ቆላ ወስደን ስናሰፍር አይተነዋል። (ይቺኛዋ ዓመት የራሳችን አቆጣጠር ናት፣ እንዳትሳሳቱ።)

መጤዎቹ በአንዴ አልተመቻቸውም። ከፊሉ ወደ ሜዳው ወረደ፤ ወደ ሴልቹክ፣ ወደ ኢዝሚር። ሰው የሌለበት ቤት ጣራው ይገባል፤ ጣራው የገባ ቤት ድንጋዩ ለሌላ ቤት ይሄዳል። መንደሯ እያነሰች ሄደች።

ስሟ የተለወጠው በዚህ መሀል ነው። በ1926 ነው ይባላል። የኢዝሚር አገረ ገዢ ካዝም ዲሪክ መጥተው አዩዋት። «እንዲህ ያለች ቦታ እንዴት አስቀያሚ ትባላለች?» አሉና ሺሪንጄ ትባል አሉ። አዲሲቱ ሪፐብሊክ ስም መለወጥ ትወድ ነበር፤ ይኸኛው ከገር ለውጦች አንዱ ነው። ለሃምሳ ዓመት ያህል ግን ቆንጆ የሚለው ስም ምንም አላመጣላትም። ድሃ መንደር ነበረች። ወይራ፣ ኮክ፣ ጥቂት ወይን። ድህነቷ ግን አንድ ውለታ ዋለላት። አሮጌ ቤት አፍርሶ ኮንክሪት የሚያቆም ገንዘብ ያለው ሰው አልነበረም። ሌሎቹ የቱርክ የባሕር ዳር ከተሞች በሲሚንቶ ሲሞሉ እሷ እንደነበረች ቀረች።

ከዚያ ቱሪስት መጣ። ከሜዳው ማዶ ኩሻዳሲ የሚባል ወደብ አለ፤ ትላልቅ የሽርሽር መርከቦች ይቆሙበታል። ተሳፋሪው ጠዋት ኤፌሶንን ያያል። ፀሐዩ ያቃጥለዋል። ለምሳ ነፋሻ ቦታ ይፈልጋል። ሺሪንጄ 20 ደቂቃ ናት። አለቀ። ይህ ነው ሙሉ ኢኮኖሚዋ።

እውነቱን ለመናገር ነገሩ አዲስ አይደለም። በጥንቱ ኤፌሶን ድሜጥሮስ የሚባል ብር ሠሪ ነበር። የአርጤምስን ቤተ መቅደስ በትንሹ በብር እየሠራ ለእንግዳ ይሸጣል። ጳውሎስ መጥቶ በእጅ የተሠራ አምላክ አይደለም ሲል፣ ድሜጥሮስ መጀመሪያ ያሰበው ገበያውን ነው። ሠራተኞቹን ሰብስቦ ከተማዋን አወካት። ያ ቤተ መቅደስ ከሰባቱ የጥንት ድንቆች አንዱ ነበር፤ ዛሬ አንድ ዓምድ ብቻ ቆሟል፣ አናቱ ላይ ወፍ ጎጆ ሠርታበታለች። የማስታወሻ ዕቃ ንግዱ ግን አልሞተም። ማግኔት ሆኖ፣ ሳሙና ሆኖ፣ የወይራ ዘይት ሆኖ ቀጥሏል።

ሺሪንጄ በጣም የምትታወቀው በፍራፍሬ ወይን ነው። የኮክ፣ የእንጆሪ፣ የሮማን፣ የሐብሐብ ሳይቀር። ባለሱቁ በትንሽ ብርጭቆ ያስቀምሳችኋል። «ይህንንም ሞክር፣ ያንንም ሞክር» ይላችኋል። እኔ አምስተኛው ላይ ዳገቱ ረጋ ያለ መሰለኝ። ስለ ወይኑ የምለው አለኝ፤ ብርዝ የጠጣ ሰው አይደነቅበትም። ስኳሩ ይበዛል። ሴቶቹ ምጣድ ላይ የሚጋግሩት አይብና ጎመን ያለበት ስስ ቂጣ፣ ግዮዝሌሜ ይሉታል፣ እሱ ይሻላል። በ2013 ቱርክ የመጠጥ ማስታወቂያ ከልክላለች። ግን መንደሯ ማስታወቂያ አያስፈልጋትም፤ ስሟ በቂ ነው።

ስሟ በቂ መሆኑ ደግሞ አንድ ቀን ጉድ አመጣባት። ታኅሣሥ 21 ቀን 2012 ታስታውሳላችሁ? የማያዎች ቀን መቁጠሪያ ያልቃል፣ ዓለም ትጠፋለች የተባለበት። እዚህም ሬዲዮ ላይ ሲያወሩት ነበር። ያኔ ሁለት ቦታ ብቻ ይተርፋሉ የሚል ወሬ ተነሳ። አንዱ ፈረንሳይ ውስጥ ያለ ቡጋራሽ የሚባል ተራራ ነው። ሁለተኛዋ ሺሪንጄ! የእመቤታችን ቤት ቅርብ ስለሆነ መልካም ኃይል አለ ተባለ። ነጋዴው ምን አደረገ? «የምጽአት ወይን» ብሎ ልዩ ጠርሙስ አወጣ። አይፈረድበትም። ቀኑ ሲደርስ ከሸሸው ሰው ጋዜጠኛውና ጸጥታ አስከባሪው በለጠ። ዓለምም አልጠፋች፣ ጠርሙሱም ቀረ።

አያችሁ አይደል? ሰው እንዳይመጣ አስቀያሚ ነኝ ያለች መንደር፣ የዓለም መጨረሻ ቀን ሰው ሁሉ ወደ እሷ ሲያይ ዋለ።

ስለ ዛሬዋ ሺሪንጄ ሲወራ ሁለት ሰው መዝለል አይቻልም። አንዱ ሴቫን ኒሻንያን ነው፤ የአርመን ተወላጅ የሆነ የቋንቋ ሊቅ። በ1990ዎቹ እዚያ ኖሮ የፈረሱ ቤቶችን በአሮጌው አሠራር እየጠገነ የእንግዳ ማረፊያ አደረጋቸው። ብዙውን የሠራው ያለ ፈቃድ ነው። ቅርስ ስለሆነ ፈቃድ ማግኘት መከራ ነው፤ ቤቱ ግን እየፈረሰ ነው። በ2014 በዚሁ የግንባታ ክስ ታሰረ። በ2017 ከእስር ቤት ወጥቶ ግሪክ ገባ። የልውውጡን መንገድ በራሱ ጊዜ ደገመው ማለት ነው።

ሁለተኛው ዓሊ ኔሲን ነው፤ የሒሳብ ሊቅ። በ2007 ከመንደሯ ወጣ ብሎ የሒሳብ መንደር መሠረተ። የድንጋይና የጭቃ ቤቶች፣ ከዛፍ ሥር የተሰቀለ ጥቁር ሰሌዳ። ተማሪው ይማራል፣ ድንች ይልጣል፣ ሳህን ያጥባል። ቴሌቪዥን የለም። በመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ የለውም ተብሎ ታሽጎ ነበር። በ2018 ሰውዬው ለዚሁ ሥራ ዓለም አቀፉን የሊላቫቲ ሽልማት ወሰደ። እኔ ከሺሪንጄ ሁሉ የቀናሁት በዚህ ነው። ወይኑን ትተን ይህን ብንኮርጅ!

ከ2014 ወዲህ ሺሪንጄ በሕግ መንደር አይደለችም። የትላልቅ ከተሞች ሕግ ወጥቶ በኢዝሚር ክልል ያለ መንደር ሁሉ «ማሃሌ» ሆኗል፤ ሰፈር እንደማለት። የራሷ የመንደር ሀብትና ስልጣን ወደ ማዘጋጃ ቤት ሄደ። በ2015 ደግሞ ኤፌሶን የዩኔስኮ ቅርስ ሆነች፤ የሚመጣው እንግዳም አልቀነሰም። ቅዳሜና እሑድ ዋናው መንገድ እንደ መርካቶ ይጨናነቃል። ማታ ግን መኪናው ሲወርድ ጸጥ ይላል፤ ሁለት መቶ ቤት የማትሞላ መንደር ትሆናለች።

እዚህ ላይ ነበር ያቆምኩት። ከዚያ ሁለት ጥያቄ መጣ። ጽሑፉ ላይ ጨምራቸው ስላላችሁኝ ልጨምር።

የመጀመሪያው «የሄዱት የት ገቡ?» የሚል ነበር። ከፊሎቹ በሰሜን ግሪክ፣ ከኦሊምፖስ ተራራ ወዲህ፣ ፒየሪያ በሚባል አውራጃ ሰፈሩ። የሰፈሩባትን መንደር ኔያ ኤፌሶስ አሏት። አዲሲቱ ኤፌሶን። ቺርኪንጄ አላሏትም። ለምን እንደሆነ እኔም አስቤበታለሁ፤ ሰው ከሰው አገር ሲገባ ትልቁን ስም ነው የሚይዘው መሰለኝ።

ሁለተኛውን የጠየቀችኝ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ናት። «ታዲያ አዲሶቹ ሰዎች በለሱን ተማሩት?» አለችኝ። ቱርክ ዛሬ ከዓለም ደረቅ በለስ ከግማሽ በላዩን ታመርታለች፤ ያም ከኢዝሚርና ከአይድን ሸለቆዎች ነው። ስለዚህ አዎ፣ ጎረቤት ለጎረቤት እያሳየ ተማሩት። እኔ የሄድኩት በሰኔ ነበር። ከላይኛው ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ጣራ የሌለው ቤት አለ፤ የበለስ ዛፍ በመስኮቱ በኩል ወጥቶበታል። ቅርንጫፉ ላይ በክር የተሰካ ትናንሽ አረንጓዴ ፍሬ ተንጠልጥሏል። መጀመሪያ ልጆች ለጨዋታ የሰቀሉት መስሎኝ ነበር።